እንቦጭ ሥር የተደበቀው ዓሣ፦ ክራፒ፣ ጂግ እና የሉዊዚያና ረግረግ

ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ አንዲት የዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ ጠቅ ያደረገ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። አልጎሪዝሙ አይለቅም። በሁለተኛው ቀን ስልክህ ዓሣ በዓሣ ይሆናል። ከእነዚያ ቪዲዮዎች መካከል በብዛት የሚመጣ አንድ ዓይነት አለ። ሰውዬው ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ተቀምጧል። ሦስት አራት ሜትር የሚረዝም ቀጭን ዘንግ ይዟል። ውኃው ወተት ያልገባበት ቡና ይመስላል። ዙሪያውን አረንጓዴ ቅጠል ውኃው ላይ ተነጥፏል። ሰውዬው ከቅጠሉ መሀል የሰሃን ያህል ክፍት ቦታ ይፈልግና ከዘንጉ ጫፍ የተንጠለጠለች የጣት ጥፍር የምታክል ነገር ቀስ አድርጎ ያወርዳታል። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ ይጠብቃል። ክሩ ትንሽ ይላላል። ሰውዬው ዘንጉን ቀና ሲያደርግ ብር የመሰለ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ጠፍጣፋ ዓሣ ይወጣል።

ብዙ ሰው ዓሣውን ብቻ አይቶ ያልፋል። እስቲ ቅጠሉን እዩት። ወፍራምና አብረቅራቂ ነው፣ ሥሩ አካባቢ እንደ ፊኛ ያበጠ፣ ሲያብብ ደግሞ ሐምራዊ አበባ ያወጣል። ባሕር ዳር ወይም ጎርጎራ የሄደ ሰው ወዲያው ይለየዋል። እንቦጭ ነው። እኛ ጣና ላይ እንደ ጠላት የምናየው አረም እዚያ የዓሣ አጥማጁ አድራሻ ሆኗል ማለት ነው።

ታዲያ አረሙን ወደውት ነው? አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ተዋግተውታል፤ አሁንም እየተዋጉት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ዓሣው፣ ስለ ትንሿ ማጥመጃና ስለ ረግረጉ እናወጋለን። በመጨረሻም ወደ ራሳችን ሐይቅ ጎራ ማለታችን አይቀርም። (ከዚህ በታች ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓሣው ማነው?

ስሙ ክራፒ ነው። የትውልድ አገሩ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊና መካከለኛ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ውኃዎች የለም። ሁለት ዝርያ አለው፦ ጥቁር ክራፒ እና ነጭ ክራፒ። ስሙ ጥቁርና ነጭ ይባል እንጂ በቀለም ብቻ ለመለየት መሞከር ያሳስታል። ልምድ ያለው አጥማጅ የጀርባ ክንፉን እሾህ ይቆጥራል። ሰባት ወይም ስምንት ከሆነ ጥቁር ክራፒ ነው፤ ስድስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነጭ ክራፒ ነው። ጥቁሩ ጠራ ያለና ሣር የበዛበት ውኃ ይወዳል። ነጩ ደግሞ ድፍርሱን ውኃ በደንብ ይችለዋል።

ትልቅ ዓሣ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነው፤ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ እምብዛም አይሞላም። የዓለም ክብረ ወሰን ራሱ 2.5 ኪሎ ገደማ ነው። የነጩ ክራፒ ክብረ ወሰን በሚሲሲፒ ግዛት በ1957 የተያዘ ሲሆን፣ የጥቁሩ ደግሞ በቴኔሲ በ2018 የተያዘ ነው። እና በዚህ ዓሣ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ያብዳል? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥጋው ነጭ፣ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ሁለተኛ፣ ለመያዝ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። አንድ ዘንግ፣ ጥቂት ሜትር ክርና በሳንቲም የምትገዛ ማጥመጃ ያለው ልጅ ከአያቱ ጋር ወጥቶ እራት ይዞ ይመለሳል።

በሉዊዚያና ግዛት ግን "ክራፒ" ብትሉ አንዳንዱ ሽማግሌ ግራ ተጋብቶ ያያችኋል። እዚያ ስሙ "ሳካሌ" ነው። በፈረንሳይኛ ሲጻፍ "የወተት ከረጢት" የሚል ትርጉም ይሰጣል። ነጭ ሥጋውን አይተው ያወጡለት ይመስላል። ሆኖም የቃሉ መነሻ የቾክታው ነባር ሕዝብ ቋንቋ እንደሆነ ይነገራል፤ በቾክታው ቋንቋ "ሳክሊ" የዓሣ ስም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከካናዳ ተባረው ወደዚያ የመጡት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ሲሰሙ በራሳቸው ቋንቋ ትርጉም ሰጡት ማለት ነው። ግዛቲቱ ነጭ ክራፒን በ1993 ኦፊሴላዊ የንጹሕ ውኃ ዓሣዋ አድርጋዋለች።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ክራፒ ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ እየወጣ እንቁላል የሚጥለው ውኃው ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። በሉዊዚያና ይህ የሚሆነው ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ካቶሊኮቹ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ባለው ጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ ትተው ዓሣ ይበላሉ። ስለዚህ ዓሣው ወደ ዳር የሚወጣበት ወቅትና የጾሙ ወቅት ይገጥማሉ። እኛ ጋ "ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም" የሚለው ክርክር በየዓመቱ በሁዳዴ ይነሳል። እነሱ ጋ ግን ክርክሩ "በበቆሎ ዱቄት ይጠበስ ወይስ በስንዴ ዱቄት" የሚለው ላይ ብቻ ነው።

ጂግ፦ ትንሿ ማታለያ

አሁን ወደ ማጥመጃዋ እንምጣ። ጂግ ማለት አንገቷ ላይ የእርሳስ ኳስ የተጣበቀባት መንጠቆ ናት። በቃ፣ ይኸው ነው። በመንጠቆው ዘንግ ላይ ላባ ወይም ፀጉር ይታሰርበታል፤ አለበለዚያ ለስላሳ ፕላስቲክ ይሰካበታል። ለክራፒ የምትሆነው ጂግ ክብደቷ ከአንድ ግራም በታች ጀምሮ እስከ ሦስት ግራም ተኩል ድረስ ነው። ሁለት ግራም ገደማ የምትመዝነው በብዛት ትመረጣለች።

ለምን ትሠራለች? ክራፒ ትናንሽ ዓሦችን፣ የውኃ ነፍሳትንና በሣሩ ሥር የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ሽሪምፖችን ይበላል። ጂጓ ከእነዚህ አንዱን ትመስላለች። አስመሳይነቷ ግን በመልኳ ብቻ አይደለም፣ በአኳኋኗም ነው። አንድ ትንሽ ዓሣ ውኃ ውስጥ ሲቆም አግድም ነው የሚቆመው፤ አፍጢሙ ተደፍቶ አይንጠለጠልም። ስለዚህ ጂጓም አግድም መንሳፈፍ አለባት። ክሩ የታሰረበት ቋጠሮ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ጂጓ ትዘነበላለች፤ ዓሣውም ቀረብ ብሎ አይቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው አዋቂዎቹ አንድ ዓሣ በያዙ ቁጥር ቋጠሮውን በጥፍራቸው ገፋ አድርገው የሚያስተካክሉት። ቪዲዮ ላይ ስታዩት ልማድ ይመስላል፤ ሥራው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጥልቀት ነው። የክራፒ ዓይን ወደ ላይ ያዘነበለ ነው፤ የሚበላውንም ከበላዩ ነው የሚፈልገው። ከሥሩ ያለችውን ጂግ ላያያት ይችላል። ከራሱ በላይ ያለችውን ግን ተነሥቶ ይመጣላታል። ስለዚህ ውኃው አንድ ሜትር ከሆነ ጂጓን መሬት ድረስ ማውረድ አያስፈልግም፤ ግማሹ ላይ ማቆም ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር ትዕግሥት ነው። ጀማሪ ሰው ዘንጉን እንደ ጅራፍ ያወዛውዛል። ክራፒ እንዲህ አይወድም። ጂጓ ቀጥ ብላ ስትቆም ላባዋ በውኃው ትንፋሽ ብቻ እየተነቃነቀ ይቆያል፣ ያ በቂ ነው። እጅህ ራሱ ትንሽ ይንቀጠቀጥ የለ? እሱም ይረዳል።

አራተኛው ደግሞ ማወቅ ነው፤ ዓሣው መያዙን ማወቅ። ብዙ ሰው ዓሣ ሲነክስ ክሩ ወደ ታች የሚጎተት ይመስለዋል። ክራፒ ግን ከታች ወደ ላይ እየመጣ ስለሚውጥ ብዙ ጊዜ ክሩ ይላላል። የነበረው ክብደት ድንገት ይጠፋል። ያን ጊዜ ነው ዘንጉን ቀና ማድረግ። ቀና ማድረግ እንጂ መንጨቅ አይደለም! የክራፒ ከንፈር ስስ ነው። አሜሪካኖቹ "የወረቀት አፍ" ይሉታል። በኃይል የጎተተ ሰው መንጠቆውን ከነቁራጭ ሥጋው ያወጣዋል፤ ዓሣው ቆስሎ ይሄዳል።

ቀለምስ? በዚህ ላይ ክርክሩ አያልቅም። በድፍርስ ውኃ ጥቁርና ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ጂግ ይወደዳል፤ ምክንያቱም ጥቁሩ ቅርጹን ያጎላል፣ ደማቁም ይታያል። በጠራ ውኃ ደግሞ ነጭና ግራጫ ይመረጣል። ሆኖም ቦታውን ያላወቀ ሰው ሃምሳ ቀለም ቢይዝ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ጠርዙን ማንበብ

እና ቦታው የት ነው? በአንድ ቃል፦ ጠርዝ።

ረግረግ ማለት ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የሚመስል ነገር ነው። ቄጠማ፣ ውኃ፣ ቄጠማ፣ ውኃ። ዓሣው ግን በሁሉም ቦታ አይኖርም። ሣሩ ያልቅና ክፍት ውኃ የሚጀምርበት መስመር ላይ ይቆማል። ቦይ ከቦይ የሚገናኝበት ማዕዘን፣ የወደቀ የሳይፕረስ ግንድ ከሣር ጋር የተነካካበት ቦታ፣ የእንቦጭ ምንጣፍ ከዳር በነፋስ ተገፍቶ ትንሽ የተከፈተበት ስንጥቅ፣ እነዚህ ሁሉ ጠርዝ ናቸው። ከአንድ ወገን መደበቂያና ጥላ አለ። ከሌላው ወገን ምግብ ይመጣል። ክራፒ እንደ መንደር ልጅ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል።

እዚህ ላይ ረጅሙ ዘንግ ለምን እንዳስፈለገ ይገባችኋል። ማጥመጃን ከሩቅ መወርወር ሣር ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ አጥማጁ ጀልባውን ሳያስደነግጥ ያስጠጋና ከላይ በቀጥታ ያወርዳል። አንድ ቀዳዳ ላይ ግማሽ ደቂቃ ይሞክራል። ከሌለ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ካለ ደግሞ ብቻውን አይሆንም፤ ክራፒ በቡድን የሚኖር ዓሣ ስለሆነ አንዱ በተገኘበት ሌላው አይጠፋም።

በሉዊዚያና ይህ ሁሉ የሚሆንበት ትልቁ ቦታ አቻፋላያ ተፋሰስ ይባላል። በአሜሪካ ትልቁ የወንዝ ረግረግና ደን ነው። ስፋቱ ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል፤ በእኛ ስሌት 400 ሺህ ሄክታር ገደማ። ለማነጻጸር ያህል የጣና ሐይቅ ስፋት 300 ሺህ ሄክታር አካባቢ ነው። አቻፋላያ ከጣናም ይሰፋል ማለት ነው።

ጠርዝ የምንለው ነገር ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሣሩ ከጠፋ ጠርዝ የለም። ሣሩ ውኃውን በሙሉ ከሸፈነውም ጠርዝ የለም። የእንቦጭ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አበባው እንዴት መጣ?

እንቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞን አካባቢ ነው። በሰፊው የሚተረከው ታሪክ በ1884 ኒው ኦርሊንስ ከተማ ውስጥ የጥጥ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር ይላል። ጎብኚዎች ይህን ውብ ሐምራዊ አበባ አዩ፣ ወደዱት፣ ለጓሮ ኩሬያቸው ይዘውት ሄዱ። አበባው ኩሬውን ሞላው። ሰዎቹም ትርፉን ወደ ወንዝ ጣሉት። ከዚያ በኋላ ያለውን የጣና ገበሬ ሊነግራችሁ ይችላል። እንቦጭ በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይና ሊበቅል ይችላል።

መርከብ መንቀሳቀስ አቃተው። በ1899 የአሜሪካ ኮንግረስ ሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍል በፍሎሪዳና በሉዊዚያና እንቦጭን እንዲያስወግድ በሕግ ፈቀደ። በማሽን ቆረጡት። ዘይት ደፉበት። አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ረጩበት። አረሙ ግን ተመልሶ መጣ።

ከዚያ በ1910 አንድ የማይታመን ሐሳብ መጣ። ሮበርት ብሩሳርድ የተባሉ የሉዊዚያና የሕዝብ ተወካይ ለኮንግረስ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ሐሳቡ ምን መሰላችሁ? ከአፍሪካ ጉማሬ እናምጣ! ጉማሬው እንቦጩን ይበላል፣ እኛ ደግሞ ጉማሬውን እንበላለን። በዚያን ጊዜ አሜሪካ የሥጋ እጥረት ነበረባት፤ ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነበር የታሰበው። ለዚህም 250 ሺህ ዶላር ተጠየቀ። የምር ነው፤ ቀልድ አይደለም። ረቂቁ ግን ሳይጸድቅ ቀረ።

ደግነቱ ቀረ። ጣና ላይ ጉማሬም አለ፣ እንቦጭም አለ፤ ጉማሬው እንቦጩን አላጠፋልንም። ጉማሬ በአመዛኙ ሌሊት ወደ የብስ ወጥቶ ሣር የሚግጥ እንስሳ ነው።

በኋላ የመጣው መፍትሔ ከጉማሬ እጅግ ያነሰ ነበር። በ1970ዎቹ እንቦጭን ብቻ የሚበላ ጥንዚዛ ከደቡብ አሜሪካ አምጥተው ለቀቁ። ይኸው ጥንዚዛ በ1990ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም ተለቅቆ ጥሩ ውጤት ካመጡት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ጥንዚዛው አረሙን አያጠፋውም፤ ያዳክመዋል። ዛሬም ሉዊዚያና ውስጥ በየዓመቱ ፀረ አረም ይረጫል፤ ጥንዚዛውም ሥራውን ይሠራል። አጥማጁ ደግሞ በቀረው ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ጂጉን ያወርዳል።

ለዓሣው ትልቁ ጉዳይ ኦክስጅን ነው። ወፍራም ምንጣፍ ውኃውን ሲሸፍን ብርሃን አይገባም፤ ከሥር ያሉት ተክሎች ይሞታሉ። የሞተው ቅጠል ሲበሰብስ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ የምታዩት ሰው ምንጣፉ መሀል ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ የሚያጠምደው ለምቾት ብቻ ብሎ አይደለም። መሀሉ ላይ ዓሣ አይተነፍስም።

ኦክስጅን ሲጠፋ ምን ሊሆን እንደሚችል በ1992 ታይቷል። ሃሪኬን አንድሩ አቻፋላያን ሲመታ ከረግረጉ ሥር የተኛውን ብስባሽ አንሥቶ ከውኃው ጋር ቀላቀለው። በዚያ የሞቱት ዓሦች ከ180 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ ዓሣው ቀስ በቀስ ተመልሷል። ክራፒ በፍጥነት ይራባል፤ ቤቱ እስካለ ድረስ ይመለሳል።

ቤቱ ራሱ ሲጠፋስ?

አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው። የሉዊዚያና ባሕር ዳርቻ ከ1930ዎቹ ወዲህ ወደ 5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት አጥቷል። የአዲስ አበባ ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ዘጠኝ አሥር አዲስ አበባ የሚያክል ረግረግ ወደ ክፍት ባሕርነት ተለውጧል ማለት ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሚሲሲፒ ወንዝ ያንን መሬት የሠራው በሺዎች ዓመታት ውስጥ ደለል እያመጣ ነው። በ1927 ከደረሰው አሰቃቂ ጎርፍ በኋላ ወንዙ በግንብ ታጠረ። ከተሞቹ ዳኑ። ደለሉ ግን ረግረጉ ላይ መውረዱን ትቶ ቀጥታ ወደ ጥልቅ ባሕር መሄድ ጀመረ። የነዳጅ ኩባንያዎች ደግሞ ለጉድጓዶቻቸው በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠሩ ቦዮች ቆፈሩ። በእነዚያ ቦዮች የባሕር ጨው ወደ ውስጥ ገባ። የንጹሕ ውኃ ቄጠማ ጨው አይችልም፤ ይሞታል። ሥሩ ሲሞት ይዞት የነበረው ጭቃ ይበተናል። በዚህ ላይ መሬቱ እየሰመጠ ነው፣ ባሕሩም ከፍ እያለ ነው።

ክራፒም የንጹሕ ውኃ ዓሣ ነው። ጨው ሲገባ ይሸሻል ወይም ይሞታል። አባቶች ሳካሌ ያጠመዱበት ቦይ ላይ ልጆች ዛሬ የባሕር ዓሣ የሚይዙበት ቦታ አለ።

መልሶ ለመገንባት የተሞከረም አለ። ዴቪስ ፖንድ የተባለው በር በ2002 ተከፍቶ ከሚሲሲፒ ንጹሕ ውኃ ወደ ረግረጉ ይለቅቃል። ከዚያ የሚበልጥ፣ ሚድ ባራታሪያ የተባለ የ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፕሮጀክት ደግሞ በ2023 ግንባታው ተጀምሮ በ2025 ተሰረዘ። ሐሳቡ ወንዙን በከፊል ለቅቆ ደለሉ መሬት እንዲሠራ ነበር። የኦይስተርና የሽሪምፕ አምራቾች "ንጹሕ ውኃ ከገባ ሥራችን ያልቃል" ብለው ተቃወሙ። ሌሎች ደግሞ "ደለል ካልገባ አገሩ ራሱ ያልቃል" አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የአንዱ ዓሣ የሌላው ዓሣ ጠላት በሆነበት ቦታ ፍርድ ቀላል አይደለም።

ስክሪኑ ያሳየናል?

ስልክ ለሚወድ ትውልድ የሚሆን ሌላ ክርክር አለ። በ2018 ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ላይቭስኮፕ የሚባል መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ድምፅ ወደ ውኃው ይልክና ከጀልባው ፊት ያለውን ዓሣ በቀጥታ ስክሪን ላይ ያሳያል። ዓሣው ሲዞር፣ ጂጓን ሲያያት፣ ሲጠራጠር፣ ሲመጣ ታያለህ። ልክ ጌም እንደመጫወት ነው።

አንዳንዱ "ይህ ማጥመድ ሳይሆን መልቀም ነው" ይላል። ትልልቆቹ ዓሦች ተለቅመው ያልቃሉ የሚል ስጋት አለ። በባስ ዓሣ ውድድሮች ላይ አንዳንድ አዘጋጆች መሣሪያውን ገድበውታል ወይም ከልክለውታል። ሌላው ደግሞ "ዓሣ ማየት ዓሣ መያዝ አይደለም" ብሎ ይከራከራል።

ረግረግ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለውና ሣር በሞላው ውኃ ውስጥ ስክሪኑ የሚያሳየው በአብዛኛው ሣር ነው። በሺዎች ዶላር የተገዛው ዕቃ እዚያ ሲደርስ ከረጅሙ ዘንግና ከሁለት ግራሟ ጂግ እምብዛም አይሻልም። ረግረጉ ዓሣውን ከአዳኝ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ከቴክኖሎጂም ይደብቀዋል። ይህን ያወቀ ሰው ረግረግ ለምን መጠበቅ እንዳለበት ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ወደ ጣና ስንመለስ

እንቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ በ1965 አካባቢ ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው። በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ተስፋፋ። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ማሽን ተገዛ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ። ወጣቶች በነቂስ ወጥተው ለፉ። ያ ልፋት ከንቱ አይደለም።

ግን ከሉዊዚያና አንድ ነገር መማር ይቻላል። አሜሪካ ገንዘብ፣ ማሽን፣ ኬሚካልና ከ120 ዓመት በላይ ጊዜ ነበራት። እንቦጭን አላጠፋችም። ያደረገችው መቆጣጠር ነው። በየዓመቱ በጀት አለ፣ በየዓመቱ ሥራ አለ፤ አረሙ ሲቀንስ ሥራው አይቆምም። የዘመቻ ችግሩ ማብቂያ ቀን ያለው መሆኑ ነው። የእንቦጭ ዘር ደግሞ ማብቂያ ቀናችንን አያውቅም፤ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። በዚያ ላይ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ሐይቁ ውስጥ እስከገባ ድረስ እኛው ራሳችን እየቀለብነው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ራሱ ረግረግ ነው። እንቦጭን ስንጠላ ዳር ዳሩን ያለውን ሁሉ "አረም" ብለን እንዳናጠፋ። ደንገሉ፣ ፊላውና ቄጠማው አረም አይደሉም። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዓሣ ጫጩት የሚያድግበት ቤትም ነው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ሣራማ ዳርቻ ነው። አምባዛም በክረምት ወደ ጎርፋማው ጨፌ ይወጣል። ያንን ጨፌ አድርቀን እርሻ ካደረግነው፣ ወይም ደንገሉን ጨርሰን ከቆረጥነው፣ እንቦጩ በሙሉ ቢነቀል እንኳ ዓሣው የሚመለስበት ጠርዝ አያገኝም። ሉዊዚያና ውስጥ ቄጠማው በጨው ሞተ፤ እኛ ጋ በማጭድና በማረሻ ሊሞት ይችላል። ለዓሣው ልዩነት የለውም።

ለሞካሪዎች

ይህን ጽሑፍ አሜሪካ ሆናችሁ የምታነቡ ወገኖች፣ ክራፒ ለመያዝ ሉዊዚያና ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ብዙ አበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ፖቶማክ ወንዝ ላይም አለ። ሦስት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ፈቃድ አውጡ። በስልክ ደቂቃዎች የሚወስድ ነገር ነው፤ ሳያወጡ መያዝ ግን ያስቀጣል። ሁለተኛ፣ በቀን የሚፈቀደው የዓሣ ቁጥር ከግዛት ግዛት፣ ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል። ሉዊዚያና ውስጥ በአብዛኛው ውኃ እስከ 50 ክራፒ ሲፈቀድ ሌላ ቦታ በጣም ያነሰ ነው። ሦስተኛ፣ ከመብላታችሁ በፊት የጤና ማሳሰቢያውን አንብቡ። በዲሲ ውስጥ ከፖቶማክና ከአናኮስቲያ ወንዞች የሚያዝ ዓሣ ላይ በኬሚካል ብክለት ምክንያት የአመጋገብ ገደብ አለ። ውኃው ንጹሕ መስሎ ስለታየ ብቻ ዓሣው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ጂግ ለመግዛት አትጨነቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ስትሄዱ ሴልፊውን ጨርሳችሁ አምስት ደቂቃ ብቻ ዳርቻውን ተመልከቱ። ሣሩ የት ያልቃል? ክፍት ውኃው የት ይጀምራል? ታንኳዎቹ የት ቆመዋል? አጥማጁ መረቡን የት ጣለው? መስመሩን ታገኙታላችሁ። ከዚያ በዕድሜ ገፋ ያለውን አጥማጅ "አባባ፣ ይህ መስመር የዛሬ ሃያ ዓመት የት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። በእጁ ያሳያችኋል። እጁ የሚያመለክተው ቦታ ዛሬ ማሳ ነው ወይስ ውኃ? ስለ ሐይቁ ጤና ብዙ የሚነግራችሁ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።